ጩኸታሙና ዝምተኛው

ሰኞ 3

ውድድሩ ዛሬ ተጀመረ። በአንድ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ዴስክቶፕ፣ በሌላ በኩል መዳፍ የማይሞላ ሞባይል። ሁለቱም ያንኑ ፕሮግራም ተሸክመዋል፤ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ የሚቆምበትን ሰው የሚጠብቀውን፣ ትንፋሹ ሲቆም ጮኾ ሰውየውን ወይም የቤት ሰው የሚቀሰቅሰውን። የእኔ ሥራ የማንኛቸው ፕሮሰሰር ፈጥኖ እንደሚያሰላ መለካት ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሞባይሉ አሸነፈ። በትንሽ ነው፤ ግን አሸነፈ። ከጭምቱ ጋር ተያየን። ጭምቱ ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ነው፤ በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ብዙ አወራ ይባላል። አለቃችን ግን ሰምቶ ሊዘል ምንም አልቀረው። ከጀርባው "ቶሎ ቶሎ" ነው የምንለው። የተረቱን ቀሪ፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ የሚለውን፣ ፊቱ አናነሳም።

እኔም ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን አልደብቅም። እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ አባዬ አልጋ ሥርም አለ። አባዬን ስንት ጊዜ ከሞት እንደመለሰው እናውቃለን፤ እማዬ በእሱ ጩኸት እየነቃች ነው እየወዘወዘች ትንፋሹን የምትመልስለት። ግን ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ግድግዳውን አልፎ እኔ ትራስ ላይ ይደርሳል።

ማክሰኞ 4

በጥድፊያ። ሞባይሉ በተከታታይ ሲሠራ ይሞቅና ይዘገያል። ስለዚህ በየዙሩ መሃል ኤሲው ፊት እናሳርፈዋለን። በእኛ አነጋገር "ትንፋሽ እናስወስደው" ነው። ዴስክቶፑ ትንፋሽ አይወስድም፤ የራሱ ማራገቢያ አለው።

እኩል ውድድር ነው? ስልክ የሚለካ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለካው። እኔ ያመጣሁት አይደለም።

ሐሙስ 6

ቶሎ ቶሎ ሰበሰበን። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ለታማሚዎቹ ቤት መሣሪያውን ሊገዛን አስቧል፤ ዴስክቶፕ ተሸክሞ የሚዞር ስለሌለ ግን ሞባይል ይሁን ብሏል። መልሱን ወሩ ሳያልቅ ይፈልጋሉ። እስከዚያ ጥቂት ቤቶች ውስጥ አስቀምጠን እንሞክረው፣ ፈቃደኛ ቤተሰብ ፈልጉ አለን። ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። የቶሎ ቶሎ ፊት በራ። ሠራተኛችን የገዛ አባቷን አደራ የሰጠችው ዕቃ ነው ብለን እንነግራቸዋለን አለ።

ስንወጣ ጭምቱ በሩ ላይ ቆም ብሎ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። ቁጥሩን አብረን አየነው አይደል እንዴ አልኩት። ከዕለት ዓረፍተ ነገሮቹ አንዱን ለዚህ ማዋሉ ግን ከነከነኝ።

እሑድ 9፣ ማታ

ትልቁን ኮምፒውተር ከአልጋው ሥር ጎትቼ ዕቃ ቤት አስገባሁት። በቦታው አቧራ ብቻ ቀረ። አዲሱን ከአልጋው ራስጌ፣ መድኃኒት የሚቀመጥበት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት፤ ቻርጀሩ ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው። አባዬ ትንፋሹን የሚለካውን ቀበቶ ደረቱ ላይ አሰረ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። የአባቴ ነፍስ በዚህች ክር ላይ ናት አልኩ በልቤ።

አባዬ ከመምህርነቱ ጡረታ ቢወጣም ማርክ መስጠት አልተወም። ለትልቁ ስድሳ አምስት ሰጠው፤ ይሠራል ግን ክፍል ይረብሻል አለ። ለአዲሱ ማርክ ከለከለው። ገና ሳይፈተን ማርክ የለም፣ ፊቱ ግን የሰነፍ ተማሪ አይመስልም አለ።

እማዬ ኪሮሿን ይዛ ከበሩ ቆማ ስታየን ነበር። ቤታችን ውስጥ እናቴ ዳንቴል ያላለበሰችው ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የውሃ ማጣሪያው ሳይቀር ለብሷል። አባዬ፣ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እኔንም ታለብሰኛለች ይላል። አዲሱን እንግዳ ጠጋ ብላ ወርድና ቁመቱን በጣቷ ስትለካ አይቻት ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። "ይሄ ብርሃኑ ዓይኑን አይወጋውም?" አለች። ይለምደዋል አልኳት።

ረቡዕ 12

ቤቱ ጸጥ አለ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የተኛሁት! በልጅነቴ የተኛሁትን ዓይነት።

እማዬ ሾርባው ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች። ከሥራ ስመለስ ኪሮሿን እንደያዘች ሶፋው ላይ አንቀላፍታ አገኘኋት። ምነው ስላት ሙቀቱ ነው አለችኝ። ፊቷን ሳየው ፈራሁ። ዓይኔን አባዬ ላይ ተክዬ እሷ ልታመልጠኝ ይሆን? የመርሳት በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው ሲባል ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ 15

ንጋት ላይ ማሽኑ ጮኸ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አባዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ እየጠጣ ነው፤ እማዬ ጀርባውን ታሻሸዋለች። ሰውየው ደህና ነው! ምን ሆናችሁ ብል እማዬ "ምንም፤ ሂጂ ተኚ" አለችኝ። ብርሃኑ እንዳይወጋው እማዬ የጣለችበትን ሻሽ አንስቼ ደወሉን አጠፋሁት።

የሐሰት ደወል ነው። ደህና ሰው ላይ ነው የጮኸው።

ሰኞ 17

ለጭምቱ ነገርኩት። ከሌሎች ሁለት ቤቶችም ያው አቤቱታ መጥቷል፤ ሰውየው ነቅቶ ተቀምጦ ሳለ ይጮኻል። ቶሎ ቶሎ ተቆጣ። በከንቱ የሚጮህ ዕቃ ማን ይገዛል፣ ዛሬውኑ ይስተካከል አለ። ጭምቱ ፕሮግራሙን ታጋሽ አደረገው፤ ትንፋሽ ሲቆም ወዲያው እንዳይጮህ፣ ጥቂት እንዲጠብቅ። ለሁሉም ቤቶች ላክነው። ነገሩ አለቀ።

አለቀ ብዬ ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ለምን እንደሚቀፈኝ አላውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል አባዬ።

ሐሙስ 20

ሙቀቱ ባሰበት። የቢሮው መስኮት መያዣ እንኳ ያቃጥላል።

ዛሬ ማንም ሳያዘኝ ሞባይሉን ከኤሲው ፊት አነሳሁት። ትንፋሽ ሳላስወስደው ቀኑን ሙሉ አሠራሁት። ለምሳ ሳንወጣ ፍጥነቱ ግማሽ ሆነ። ቺፑ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ ማራገቢያ የለው ምን ያድርግ? ዴስክቶፑ ማታ ላይ በጠዋቱ ፍጥነቱ ያጓራ ነበር። የዳገት ሯጭና የመቶ ሜትር ሯጭ አንድ ሜዳ ላይ አቁመን ነው በመነሻቸው ማርክ የሰጠነው።

ለቶሎ ቶሎ አሳየሁት። አልተቆጣም። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ከሙሉ ፍጥነቱ ሲሶውን ነው፣ ግማሹ ቀረ ማለት አሁንም ተርፎታል፣ በሪፖርቱ ውስጥ ይህን ማንሳት ሰው ከማስፈራራት ሌላ ጥቅም የለውም አለ። ልክ ነው። ራሴ ደግሜ አሰላሁት፤ ልክ ነው። ሪፖርቱ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ይዞ ወጣ።

ቁጥሩ የተረጋጋ ነው። እኔ ነኝ ያልተረጋጋሁት።

ሰኞ 24

ሆስፒታሉ ሪፖርቱን ወደደው። ቶሎ ቶሎ ለሁላችን ምሳ ጋበዘ። ጭምቱ አልበላም።

እማዬ ዛሬ ድስት አሳረረች። ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ጭሱ ነው የቀሰቀሳት። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት፤ "አንቺ ደግሞ ሁሉንም ታማሚ ታደርጊያለሽ" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ቀይ ነበር።

አባዬ ክፍል ስገባ አዲሱ ማሽን ለብሷል። ነጭ ዳንቴል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ትናንሽ አበባ ያለበት፣ ለሁለት የታጠፈ። አሳምራዋለች። ብርሃኑ አያስተኛውም ነበር አለችኝ። አመሰገንኳት።

ረቡዕ 26

ደወል የለም። የሐሰትም የእውነትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ 29፣ ጠዋት

እንደምንም ልጻፈው።

ሌሊት ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። የአባዬ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ እማዬ ስሙን በሹክሹክታ ስትጠራ ሰማሁ። ገባሁ። ትከሻና ትከሻውን ይዛ ትወዘውዘዋለች። አፉ ተከፍቷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንፋሽ የለም። ማሽኑ ጸጥ ብሏል። ማሽኑ ካልጮኸ ምንም አልሆነም ማለት ነው አልኩ፤ አዎ፣ አባቴ ከፊቴ ከንፈሩ ጠቁሮ እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። ዳንቴሉን ገፈፍኩት። አረንጓዴው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። በሰላም ይተነፍሳል። ስክሪኑ ላይ አባቴ ጣፋጭ እንቅልፍ ተኝቷል።

እማዬ በጥፊ መታችው። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ቃል ያልተናገረችውን ሰው በጥፊ መታችው። አንድ ጊዜ እንደ ሰጠመ ሰው አየር ሳበ። ከዚያ ደግሞ ሳበ። አቀናነው፤ ውሃ ሰጠነው። ቁጭ ብሎ "ማን ነው የመታኝ?" አለ። እማዬ እያለቀሰች ሳቀች።

ማሽኑ የጮኸው ያኔ ነው። አባዬ ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየቀለደ።

እማዬ ሳትዞር እጇን ዘርግታ ደወሉን አጠፋችው። የለመደችው ነገር ይመስላል። ማሽኑን አነሳሁት፤ ከምድጃ የወጣ ያህል ይፋጃል።

እማዬ ከማሽኑ ቀድማ እንዴት እንደነቃች አልጠየቅኳትም።

እሑድ 30

ቀኑን ሙሉ አባዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲያንቀላፋ ደረቱን አያለሁ። ደረቱን ሳይ የራሴን ትንፋሽ እረሳለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የፈራሁት ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ተመለሰ። ያንን ማሽን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጩኸቱ ያስጠላው አባዬን አልነበረም፣ እማዬንም አልነበረም። እኔን ነው።

ሰኞ 1

ዳንቴሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ኤሲውን አጠፋሁት። ሞባይሉን ቻርጀሩ ላይ ሰክቼ፣ ለሁለት በታጠፈ ዳንቴል ሸፍኜ ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ጭምቱ ወንበሩን ስቦ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሻይ እንኳ አልጠጣንም።

ግማሹ አይደለም የቀረው። ሲሶውም አይደለም። ከሲሶ በታች ወረደ። የሚመጣለትን ትንፋሽ ማስላት ሲያቅተው ወረፋ ያስይዘዋል፤ ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል። መስመሩ የሚያሳየው ሰውየው አሁን የሚተነፍሰውን ሳይሆን ቀድሞ የተነፈሰውን ነው። ትንፋሽ የሚመስለውን የሙከራ ምልክት አቆምነው። መስመሩ ከፍ ዝቅ ማለቱን ቀጠለ። ቁጭ ብለን አየነው። ሰው የሚሞትበትን ያህል ጊዜ ቆይቶ ጮኸ።

ያኔ ለሁለታችንም እኩል ገባን። የሐሰት ደወሎቹ ሐሰት አልነበሩም። የዘገዩ ናቸው። በእነዚያ ቤቶች ሁሉ ማሽኑን ሰው ነው የቀደመው። እኛ ደግሞ ማሽኑን ቶሎ ጮኸ ብለን ታገስ አልነው።

ቶሎ ቶሎ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው። መመሪያው ላይ "አይሸፈን" የሚል መስመር እንጨምራለን አለ። ጭምቱ ተነሳ። "የእኔም እናት ብትሆን ትሸፍነዋለች። ዴስክቶፖቹ ይመለሱ። ካልተመለሱ ለሆስፒታሉ ራሴ እነግራለሁ።" የዕለቱን ድርሻ ጨረሰ። ቶሎ ቶሎ ዳንቴሉን አስቀመጠው። ከዚያ ለሆስፒታሉ ደወለ፤ ድምፁ ሲሰበር ስሰማ እሱም አሳዘነኝ።

ለየቤቱ ስልክ ስንደውል ዋልን። ማሽኑ ላይ የተደረገ ነገር አለ ወይ? አንዷ አቧራ እንዳይገባው ፎጣ ጠቅልላዋለች። አንዱ ልጆች እንዳይነኩት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። አንዷ ትራሷ ሥር፣ ደወሉን በደንብ እንድትሰማው። ማንም አልበደለም። ሁሉም እንደ ዕንቁላል ነው የያዙት። እኛ ግን የለካነው ዕርቃኑን፣ ኤሲ ፊት ነው።

አንድ ቤት ስልክ አያነሳም። ብቻቸውን የሚኖሩት የልብስ ሰፊው ቤት። ማታም አያነሳም።

ማክሰኞ 2

ከጭምቱ ጋር ገና ጎህ ሲቀድ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ጭምቱ ክንዴን ይዞ ነው ያወጣኝ። በሩን አንኳኳን። ደግመን አንኳኳን። እግዜር ያያል፣ በዚያች ደቂቃ እርጅናዬን አየሁት።

ከዚያ መነጽር ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ በአፋቸው መርፌ የነከሱ ሽማግሌ ከፈቱልን። ስልካቸው የማይነሳው ቻርጀሩ ስለተበላሸ ኖሯል። ማሽኑስ ብንላቸው ከልብስ ስፌት መኪናቸው ጎን ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ቀበቶው ግን የለም። "ያሳክከኛል፤ ካስቀመጣችሁልኝ ማግሥት ጀምሮ አላሰርኩትም" አሉ። ጭምቱ ማሽኑን አየው፤ ቀበቶ ስለሌለ የሚያሰላው ነገር የለውም፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ሐሙስ 4

ሳይሸፈን የሰነበተውን ሞባይል አንስቼ ትልቁን ኮምፒውተር ከዕቃ ቤት አወጣሁት። አቧራውን ጠረግኩ፤ አልጋው ሥር መለስኩት። ቁልፉን ስጫነው ያ ወፍጮ አጓራ። አባዬ "መጣ ረባሹ!" አለ። ከዚያ ፈተናው እንዴት ሆነ፣ ማን አንደኛ ወጣ ብሎ ጠየቀኝ። ትልቁ ነው አልኩት። ዋሸሁት፤ አንደኛ የወጣችው እማዬ ናት።

እማዬ ዳንቴሏን ስትፈልግ አገኘኋት። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። የት እንደነበር አልነገርኳትም፤ ዳንቴሉ ያደረገውንም እስክሞት አልነግራትም። ግን ያንን ሌሊት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኳት። ማሽኑ ሳይጮህ እንዴት ነቃሽ?

ዳንቴሉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታቃናዋለች። ቀና አላለችም።

"መቼ ተኛሁና ነው የምነቃው? ያኛው ሲያጓራ መኖሩን አውቃለሁ፤ እተኛለሁ። ይሄኛው ዝም ይላል። ይሥራ፣ ይሙት በምን አውቃለሁ? እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ አድራለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካመጣሽው ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?"

"አንቺ ተኝተሽ ነበር። ስንት ጊዜ በሩን ከፍቼ አይቼሻለሁ። እንዲያ ደልቶሽ ስትተኚ ካየሁ ቆየሁ፤ አንጀቴ አልችል አለ።"

ጨው። ድስት። ቀይ ዓይን። እኔ የመርሳት በሽታ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት።

እሑድ 7

ሆስፒታሉ ከእኛ ጋር ይቀጥል አይቀጥል አይታወቅም። ቶሎ ቶሎ ማራገቢያ ያለው አዲስ ሳጥን ይሠራ ብሎ ሌላ ሙከራ አዟል፤ በዚህኛው ዳንቴልም ፎጣም ትራስም የሙከራው ዕቃ ሆነዋል። አልቸኮለም። ፈርቷል መሰለኝ።

እማዬ ለዴስክቶፑ ዳንቴል ልትሠራ ጀምራ ነበር። እጇን ይዤ ለመንኳት። እንዲተነፍስ ተይው አልኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ ግን ኪሮሿን አስቀመጠች።

አሁን በግድግዳው በኩል ወፍጮው ያጓራል። ከሱ በላይ ሌላ ድምፅ አለ፤ እማዬ ታንኮራፋለች። ዓመት ያልተኛች ሰው ይመስል ታንኮራፋለች። አባዬ ነገ ጠዋት ለእሷም ማርክ ይሰጣታል።

ማራገቢያው አንዳንዴ ዝግ ይላል፤ ሙቀቱ ሲቀንስለት ነው፤ ደንበኛ ሥራው ነው፤ ራሴ የለካሁት ነው። እሱ ዝግ ባለ ቁጥር እኔ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ፤ መልሶ እስኪያጓራ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ።